በደወል የቀረች ግማሽ ገጽ

ለተከበሩ የሳይንሳዊ ልቦለድ ወዳጆች ክበብ ሊቀመንበር፣
የፊዚክስ መምህርና የደወሉ ብቸኛ ባለሥልጣን፣
ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ጀርባ

ጉዳዩ፦ ሳትነበብ ስለቀረች ግማሽ ገጽ

ክቡር ሊቀመንበር ሆይ፣

እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ሰሌዳዎና ጠመኔዎ ሁሉ እንደምን ሰንብታችኋል? በተለይ የቀኝ እጅዎ አውራ ጣት ጤና በጣም ያሳስበኛል፤ ላለፉት አምስት ወራት አንድም ቅዳሜ ሳታርፍ ደወል ስትጫን የከረመች ጣት ስለሆነች፣ አልፎ አልፎ ለብ ባለ ውሃ ቢነክሩልን ክበቡ በሙሉ ደስ ይለዋል። እኔ ጉልበቴ ስነሳና ስቀመጥ እንደ አሮጌ ማጠፊያ ከመጮኹ በቀር ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ፣ «ወንበር ሲታጠፍ ድምፅ እንዳያሰማ» ከሚለው ማሳሰቢያዎ አጠገብ የለጠፍኩት፣ ፊት ለፊት መናገር አቅቶኝ ሳይሆን የመመሪያዎ አንቀጽ አምስት «ከአጀንዳ ውጭ የሆነ ሐሳብ ሁሉ በጽሑፍ ይቅረብ» ስለሚል ነው። እኔ ፍሪጅና ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ፤ ትምህርቴን ያገኘሁት ከአሮጌ መጻሕፍት ሲሆን፣ እነሱም ግማሾቹ የመጀመሪያ ገጻቸው፣ ግማሾቹ የመጨረሻ ገጻቸው የተገነጠለ ስለነበር፣ አጻጻፌ ቢንሻፈፍ ጥፋቱን ከገንጣዮቹ ይቁጠሩልኝ። የመጨረሻ ገጽ የሌለው ታሪክ ሰውን ምን እንደሚያደርግ ግን ከማንም የተሻለ አውቃለሁ፤ የመጣሁትም በዚሁ ጉዳይ ነው።

ፎቶ ኮፒ ሊያስነሱ መጥተው ተራቸው እስኪደርስ ሰሌዳችንን ለሚያነቡ እንግዶች ባጭሩ ላስረዳ። እኛ አሥራ አንድ ሰዎች ነን። በየሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ማሽኑ ሲሠራ ግድግዳዋ በሚሞቅ አንዲት ክፍል ተሰብስበን፣ እያንዳንዳችን የጻፍነውን የሳይንስ ልቦለድ እናነባለን። ከመካከላችን በጽሑፍ የሚተዳደር የለም። ፋርማሲስት አለን፤ ቤቱ ከሁላችንም ስለሚርቅ ፕሉቶ የምንለው ባለታክሲ አለን፤ በሆስፒታል ልብስ ፋብሪካ ውስጥ የአዝራር ቀዳዳ የምትሰፋ የእህቴ ልጅ አለችን። ወይም ነበረችን፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ የሚወስኑት እርስዎ ነዎት።

ምስጋናዬንም ቅሬታዬንም በቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥር እንደሚወዱ አውቃለሁና።

አንደኛ። ክበባችንን ከማይሆን ነገር ሁሉ ስላጸዱልን ከልብ አመሰግናለሁ። ከአምስት ወር በፊት እዚህ ክፍል ውስጥ የማይሆን ነገር መዓት ነበር። ፋርማሲስታችን ሰውን ለአንድ ዓመት ከእንቅልፍ የሚገላግል ክኒን ፈልስፎ፣ ያንኑ ታሪክ እያነበበ ራሱ ያንቀላፋ ነበር። ፕሉቶ በጠፈር ታክሲው የጫናቸው ሮቦቶች «ይኼ መንገድ ያዞራል፤ በሳተርን በኩል ነበር የሚሻለው» እያሉ ሲጨቀጭቁት ሆዳችንን ይዘን እንስቅ ነበር። ይህ ሁሉ ነውር መሆኑን ያወቅነው እርስዎ ሊቀመንበር ሆነው ባለ አሥራ ሁለት አንቀጹን መመሪያ ሲያወጡልን ነው። አንቀጽ ሦስትን በቃሌ ይዣታለሁ፦ «አንባቢው ከሳይንስ ሕግ ጋር የሚጋጭ ነገር ባነበበ ቁጥር ሊቀመንበሩ ደወል ይደውላል፤ ሦስት ጊዜ የተደወለበት ሰው ንባቡን አቋርጦ ይቀመጣል።» ፕሉቶ በመጀመሪያው ቀን ገና ርዕሱን እንዳነበበ ሲደወልበት፣ «መምህር፣ በዚህ አያያዝ እኮ እኔ ራሴም ሳይንሳዊ አይደለሁም» ቢልዎ፣ በቃለ ጉባኤው ላይ «አባሉ ጉድለቱን አመነ» ተብሎ ተመዘገበለት።

ፍሬውንም ይኸው እያየን ነው። ዛሬ ሁሉም አባል ደወል የማያስነካ ታሪክ መጻፍ ችሏል። ባለፈው ቅዳሜ የተነበበው ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ስለሚኖር አንድ የውሃ ፓምፕ ነበር። ፓምፑ ጠዋት ተነሳ፤ ውሃ ሳበ፤ አመሻሽ ላይ ጠፋ። ሃያ አምስት ደቂቃ ሙሉ አንድም ደወል አልተሰማም፤ እርስዎም ተነስተው የጸሐፊውን እጅ ጨበጡ። እኔ ከፍሪጅ ሌላ ፓምፕም እጠግናለሁና እመሰክራለሁ፤ በእውነተኛው ዓለም ያሉት ፓምፖች እንኳ ከዚያኛው የበለጠ ጉድ ያሳያሉ።

ሁለተኛ። ከራስዎ ታሪክ ስላገኘሁት ትምህርት አመሰግናለሁ። የእርስዎ መርከብ ገና በሁለተኛው ገጽ ላይ ብርሃንን ቀድማ፣ ጋላክሲውን አቋርጣ፣ ለምሳ ስትደርስ ደወሉ ዝም ማለቱን አስተውያለሁ። ነገሩ ግራ ቢገባኝ በዕረፍት ሰዓት ጠጋ ብዬ ጠየቅሁዎት፤ «እሱ ለታሪኩ ሲባል የተወሰደ ታሳቢ ነው» ብለው አስረዱኝ። ለእኛ ለተራ አባላትስ በነፍስ ወከፍ አንዳንድ ታሳቢ ይፈቀድልን እንደሆነ ስጠይቅ፣ ጉዳዩ እንደሚጠና ነገሩኝ። ጥናቱ እንዴት እየሄደ ነው? የምጠይቀው ለመንቀፍ አይደለም፤ ከዚህ በታች አንዲት ታሳቢ ስለሚያስፈልገኝ ነው።

ሦስተኛ። ከሰባት ሳምንት በፊት የእህቴ ልጅ አነበበች።

ይህች ልጅ አምና እናቷን ስታጣ ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሥራ ብቻ ሆና ስለነበር፣ ሰው መካከል ትዋል ብዬ እኔው ነኝ ወደ ክበቡ ያመጣኋት። ዓመት ሙሉ በሩ አጠገብ ባለችው ወንበር ላይ ተቀምጣ የሌላውን ስታዳምጥ ኖረች። አንድ ቀን ግን የዕለቱን አንባቢ ጉንፋን ሲይዘው እጇን አነሳች። ወረቀቱን ስትገልጠው በፋብሪካው የልኬት ቅጽ ጀርባ የተጻፈ ነበር፤ አራት ገጽ ተኩል።

የታሪኳ ፕላኔት አየሯ እጅግ የወፈረ ነው፤ እዚያ ድምፅ የሚሄደው በሰው እግር ፍጥነት ነው። ነጋዴ ጠዋት ዕቃውን ቢጠራ ገዢው የሚሰማው ከሰዓት በኋላ ነው። ባልና ሚስት ሲጣሉ ተሳዳቢው ይጸጸትና፣ ስድቡ መኝታ ቤት ሳይደርስ ሮጦ ቀድሞ የሚስቱን ጆሮ በመዳፉ ይሸፍናል። መንገደኞች ደግሞ የእነሱ ያልሆነ ቃል በመንገድ ሲያልፍ ከሰሙ፣ ጥግ ይዘው ያሳልፉታል። እዚህ ላይ ፕሉቶ «ወይ ጉድ» ሲል ሰምቼዋለሁ፤ ከአምስት ወር ወዲህ በክፍሉ ውስጥ የተሰማ የመጀመሪያው «ወይ ጉድ» ነበር።

እርስዎ ግን ደወሉ። እንዲህ ያለ አየር አየር ሊባል እንደማይችል፣ ሰውም ሊተነፍሰው እንደማይችል፣ ጠመኔ አንስተው ሰባት ደቂቃ አስረዱን። እሷ የደረሰችበትን መስመር በጣቷ እንደያዘች ቆማ ጠበቀችዎት።

ቀጠለች። በዚያች ፕላኔት የምትኖር አንዲት ልጅ ሥራ ላይ እያለች እናቷ ከተራራው ማዶ ትሞታለች። ልጅቷ በሌላ መንገድ ገስግሳ ስትደርስ ሁሉ ነገር አልቋል። ነገር ግን የእናቷ የመጨረሻ ቃል ከአፏ ወጥቶ ጉዞ ጀምሯል፤ ልጅቷ ወደምትሠራበት ቦታ በእግር እየሄደላት ነው። ስለዚህ ልጅቷ ለቅሶውን ለሌላ ጊዜ ትታ ዞራ ትሮጣለች፤ ቃሉን ቀድማ ፊቱ ለመቆም። እርስዎም ለሁለተኛ ጊዜ ደወሉ፤ ድምፅ ወደ ሁሉም አቅጣጫ እንደሚበተንና በርቀት እንደሚዳከም በሰሌዳው ላይ ቀመሩን ጻፉልን።

ልጅቷ ድልድይ ላይ ደረሰች። ቃሉን መቅደሟን እርግጠኛ ስትሆን ፊቷን አዞረች፤ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ቆመች።

ሦስተኛው ደወል ያኔ ጮኸ። ድልድይ ላይ ዝም ብላ የቆመች ልጅ የትኛውን የሳይንስ ሕግ እንደጣሰች እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ቃለ ጉባኤው «መቅደሟ በስሌት አልተረጋገጠም» ይላል። የእህቴ ልጅ ወረቀቷን አራት ቦታ አጥፋ ኪሷ ከተተችና ተቀመጠች። ግማሽ ገጽ ነበር የቀራት። እርስዎም ወደሚቀጥለው አጀንዳ፣ ወደ ወንበሮች አስተጣጠፍ ተሻገሩ።

አሁን የማያውቁትን አንድ ነገር ልንገርዎት፤ እስከ ዛሬ ያልነገርንዎት ደግሞ እኛ ነን። በዚያ ፋብሪካ ሠራተኛ ስልኩን በር ላይ ባለ ሣጥን ውስጥ አስቀምጦ ነው ወደ ሥራ የሚገባው። እናቷ፣ ማለትም እህቴ፣ በሞተችበት ቀን ከሆስፒታል አልጋዋ ላይ ሆና አራት ጊዜ ደውላለች። ሣጥኑ አራት ጊዜ ጮኋል፤ ጥበቃውም ሰምቷል፤ ነገር ግን እሱም መመሪያ አለው። በአራተኛውም ጥሪ ማንም አላነሳም። እህቴ ግን ስልኩን ከጆሮዋ ሳታወርድ ረዘም ላለ ጊዜ ስትናገር እንደቆየች ነርሷ ነግራናለች። ምን አለች ብለን ጠየቅናት። ነርሷ ስልኩ የተነሳላት መስሏት፣ የእናትና ልጅ ወሬ ቆሞ መስማት ደስ ስላላላት፣ በሩን መለስ አድርጋላት ወጥታለች። እኔ ያን ሰዓት በከተማው ሌላ ዳር አንድ ሥጋ ቤት ውስጥ ፍሪጅ ሥር ተጋድሜ ነበር። ልጅቷ ከፈረቃ ወጥታ ሣጥኑን ስትከፍት አምስት ያልተነሱ ጥሪዎች አገኘች። አምስተኛው የእኔ ነበር።

እንግዲህ ያቺ ግማሽ ገጽ ማለት፣ ክቡር ሊቀመንበር፣ እህቴ ያለችው ነው። ወይም ልጇ «እንዲህ ብላ ይሆናል» ብላ የጻፈችው፤ ከዚያ ሌላ የቀረን የለም። እኔም አልሰማኋትም።

አራተኛ። ይህ ቅሬታ በራሴ ላይ ነው።

ደወሉን የሠራሁት እኔ ነኝ። ከተጣለ ብስክሌት ላይ ፈትቼ፣ በጣውላ ላይ በብሎን አስሬ፣ ዝገቱን ጠርጌ ያመጣሁት ፋርማሲስታችን ሲያንቀላፋ ለመቀስቀሻ ነበር። እርስዎ «ለሥነ ሥርዓት ይጠቅመናል» ብለው ሲወስዱብኝ ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ አንቀጽ ሦስት ሲነበብም ከሁሉ ቀድሜ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ። ከዚህ የከፋው ደግሞ ይኸውልዎ። በእህቴ ልጅ ላይ የመጀመሪያው ደወል ሲደወል ሳቅሁ። ፍርሃቷ ቀለል ይላታል ብዬ ነበር። እኔ ስስቅ ሰው ይከተለኛል፤ ይህን ልማዴን አውቀዋለሁ፤ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። በሁለተኛው ደወል ፈገግ አልኩ። በሦስተኛው ጫማዬን እያየሁ ነበር። ለፕሉቶ በግፍ የጻፉለትን «አባሉ ጉድለቱን አመነ» የሚል ቃል ከእሱ ላይ ሰርዘው በእኔ ስም ይመዝግቡት፤ ያኔ ቃለ ጉባኤያችን አንድ እውነት ይኖረዋል።

ባለፈው ሳምንት ካውያ ልጠግንላት በሚል ሰበብ ቤቷ ሄጄ ነበር። ካውያውን ፈታሁና ገጠምኩ፤ ፈታሁና ገጠምኩ። ስታየኝ ቆይታ፣ «አጎቴ፣ ካውያው ደህና ነው፤ የተበላሸኸው አንተ ነህ» አለችኝ። ቅዳሜ እንድትመጣ ለመንኳት። «አንተም እኮ ስቀሃል» አለችኝ፤ ድምፅዋን ሳታነሳ። እኔም ዞሬ እርስዎን ማማት ጀመርኩ፤ እውነቱን ለመናገር ጥሩ አድርጌ ነበር የማማዎት፤ ስለ መርከብዎም አንስቼ ነበር። እሷ ግን አቋረጠችኝ፦ «ተወው፤ መምህሩ ልክ ነው። ድምፅ እንደዚያ አይሄድም፤ ማንንም አይጠብቅም። ይኼን ሳላውቅ ቀርቼ የጻፍኩት መሰላችሁ? ፊዚክሱን ባስተካክለው እናቴ አትናገርም።»

ሠላሳ ዓመት የተሰበረ ነገር ስጠግን ኖሬያለሁ፤ ይህን ንግግር ግን የማነሳበት መሣሪያ አጣሁለት። እርስዎ የተማሩ ሰው ስለሆኑ እንዳለ አምጥቼልዎታለሁ።

አምስተኛ። አንቀጽ ዘጠኝ «ያለ ጽሑፍ ምክንያት ስምንት ተከታታይ ቅዳሜ የቀረ አባል ከመዝገብ ይሰረዛል፤ መደርደሪያውም ለሌላ ይሰጣል» ይላል። የፊታችን ቅዳሜ ስምንተኛዋ ነው። በመደርደሪያዋ ውስጥ ሁለት የተዋሰቻቸው መጻሕፍት፣ አንድ የክር ጥቅልና አንድ እርሳስ አሉ። ስሟ የተጻፈበት ወረቀት ጠርዙ ትንሽ ተነስቶ አይቼዋለሁ፤ የጥፍር ሥራ ይመስላል። ለጥንቃቄዎ ያለኝ አድናቆት ወሰን የለውም፤ ሰው ገና ሳይሰረዝ ሙጫውን መሞከር አርቆ ከማሰብ የሚመጣ ነው።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። ይህ ደብዳቤ በአንቀጽ ዘጠኝ መሠረት የጽሑፍ ምክንያት ሆኖ ይቆጠርላት። በቅዳሜው አጀንዳ ላይ ግማሽ ገጽ ይያዝላት፤ በእሷ አጻጻፍ ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው፤ ለፓምፑ ሃያ አምስት ሰጥተናል። ለመርከብዎ የፈቀዱላትን አንዲት ታሳቢም ለአንዲት እናት ድምፅ ይፍቀዱላት፤ ከዚያ በላይ አንጠይቅም። እርስዎም ከእኛ ጋር ከወንበሮቹ በአንዱ ላይ ተቀምጠው ያዳምጡ። ጆሮዎ ጥሩ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የማይሆን ነገር ከየትም ሆነው ይሰማሉ።

እመጣለሁ ብላ ቃል አልሰጠችኝም። ያለችው ይህን ብቻ ነው፦ «እስከ ፎቶ ኮፒ ቤቱ እመጣለሁ። በበሩ አጮልቄ ሳይ ደወሉ ጠረጴዛው ላይ ካለ፣ አንድ ገጽ ኮፒ አስነስቼ እመለሳለሁ።» እኔም ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ኮፒ ማሽኑ አጠገብ ቆሜ እጠብቃታለሁ። ያን ዕለት የምስቅ እንዳይመስልዎ።

የአንቀጾችዎ ቁጥር ከአሥራ ሁለት እንዳያልፍ፣ መርከብዎ ምሳዋን በልታ በሰላም እንድትመለስ፣ ፓምፑም ሳይቃጠል ሁለት መቶ ዓመቱን እንዲጨርስ እየተመኘሁ፣ ከማዳመጥ ይልቅ ቀድሞ በመሳቅ ለበደለው ለዚህ አባልዎ ይቅርታ እንዲያደርጉ፣ ይቅርታ መጠየቅ እንዴት እንደሚጻፍም ከዚህ ናሙና እንዲወስዱ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

በመመሪያው ጥላ ሥር የሚኖረው፣
ፍሪጅና ሬዲዮ ጠጋኙ፣
የአዝራር ቀዳዳ ሰፊዋ አጎት

ግልባጭ፦
ለፕሉቶ (ሮቦቶቹን እንዲመልስልን)
ለፋርማሲስታችን (ነቅቶ ከሆነ)
ለፋብሪካው በር ጥበቃ (ለመረጃ ያህል)

ማስታወሻ፦ ደወሉን ዛሬ ጠዋት «ለጥገና» ብዬ ከክፍሉ ወስጄዋለሁ። ጥገናው ምላሱን ማውጣት ነው፤ አውጥቼዋለሁ። ከማውጣቴ በፊት ግን ሱቄ በር ላይ ቆሜ፣ ፊቴን ወደ እርስዎ ቤት አዙሬ፣ ሦስት ጊዜ ደወልኩት። በእርስዎ ፊዚክስ ድምፁ ገና መንገዱን ሳይሻገር ጠፍቷል። በእህቴ ልጅ ፊዚክስ ግን እየመጣልዎ ነው፤ ዳገቱን ቀስ እያለ፣ ጥግ ጥጉን ይዞ፤ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይደርስብዎታል ብዬ እገምታለሁ። ሲደርስብዎ አንቀጽ ሦስትን ያስታውሱ፦ ሦስት ጊዜ የተደወለበት ሰው አቋርጦ ይቀመጣል።